የቀበሌው ጠረጴዛ

ነስሩ ቁራሌው ከብሎካችን ጥግ ጋሪውን አቁሞ፣
«ስድስት መቶ ብር! ካልሆነም ይፈለጥ» አለኝ ደጋግሞ።
እግሩ ሦስት ብቻ፤ አራተኛውማ ድሮ ተቀንጥሷል፣
መሳቢያው ተጣሟል፣ ገጹ ተላልጧል፣ ጠርዙን ምስጥ ቀምሷል።
ጎኑ ላይ በነጭ፣ በተንጋደደ እጅ፣ የተጻፈ አለው፤
ንብረት ቁጥር ሦስት መቶ ዐሥራ ሰባት፣
«ቀበሌ» ይልና ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ተፍቋል የቀረው።

አወቅሁት።
እሱን እንኳ ባይሆን ወንድሙን አውቃለሁ፤
ፊቱ ቆሜያለሁ።

ለመታወቂያ ስል ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ደጁን ስጠና፣
ከማዶ የተቀመጠው ሰው አንድም ቀን አላለም ቀና።
«ነገ ነይ።» በነጋው፣ «ነገ ነይ።»
ማህተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል፤
ማህተሙ ሲገኝ ቀለሙ ደርቋል፤
ቀለሙ ሲመጣ ሰዓቱ አልፏል።
እግሬ ዝሎ፣ ክንዴን ጠርዙ ላይ ጣል ባደርግ፣ ላፍታ ቢደክመኝ፣
«እጅሽን!» አለ እንጂ፣ ወንበሩስ ይቅርና፣ ፊቱንም አልሰጠኝ።

ዕጣ ደርሶን ከገባን ወዲህ ዓመት ሙሉ የበላነው ወለል ላይ ነው፤
ያፌት በሆዱ ተኝቶ ነው የሚጽፈው።
አዲሱን አላየሁም አልልም፤ አቃቂ መንገድ ዳር ፈርኒቸር ቤት ገብቼ ነበር አንድ ማታ፤
ልጁ ጫማዬን አየ፣ ካልኩሌተሩን መታ፤
የስድስት ወር ደመወዜ ብልጭ አለና ጠፋ፣ እንደ ክረምት መብረቅ፣ ባንድ አፍታ።

ስለዚህ፣ ነስሩን ሃምሳ ብር አስቀነስሁት፣
በዚያ ሰውዬ ሒሳብ።

አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍት የሚሉት ነገር በወሬ ነው ያለው፤
ነስሩ ከሥር ሆኖ በትከሻው ገፋ፣ እኔና ብርቂቱ ከላይ ጎተትነው።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ አለች ብርቂቱ፣ ላቧን በሻሿ አብሳ፤
«መንግሥት እንዲህ ይከብድ ኖሯል?» አለች፣ ግድግዳውን ተንተርሳ።

ቅዳሜ፣ በረንዳው ላይ፣ የኮዬ ፈጬ ነፋስ የተሰጣ ልብስ ሲያንከራትት፣
በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ ፈገፈግሁት።
መጀመሪያ ግራጫ ነው፤ ከሥሩ አረንጓዴ፤
ከአረንጓዴው ሥር ውኃ ሰማያዊ፣ የሌላ ዘመን ዘዴ።
የመጣው ሁሉ ላዩ ላይ ቀባ እንጂ የፊቱን አልፋቀም፤
ከሱ በፊት ማን እዚህ እንደነበር ማንም አልጠየቀም።
አቧራው ባፍንጫዬ ገባ፤
ሦስት መንግሥት ባንዴ አስነጠሰኝ።

ከሁሉም ሥር፣ ዋንዛ።
ጠይም፣ ልብሱን በድንገት እንደገፈፉት ሰው ያፈረ፤
በዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ ዝም ብሎ ዛፍ ሆኖ የኖረ።

የምስጡን ቀዳዳ በኮላና በሰጋቱራ ደፈንሁ፤
መሳቢያው እንዲንሸራተት ጠርዙን በሻማ አሸሁ።
ጋሽ ሰይፈ አናጢው ከተሰበረ አልጋ አንድ እግር ቆርጦ ገጠመለት፤
«ሦስቱ የቢሮ፣ አንዱ የመኝታ» አለ፤ «ቢያንቀላፋ አትፍረጂበት።»

አልለቅ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤
የማህተም ክብ፣ ሐምራዊ፣ ከወረቀት ጠርዝ አምልጦ የወረደ።
በቤንዚን አሸሁት፣ በሎሚ፣ በበረኪና፤
አይወጣም፤ እንጨቱ ጠጥቶት ደም ሥሩ ገብቷልና።
ማን ያውቃል፣ ከክቦቹ አንዱ ምናልባት የኔ ነው።
ቫርኒሽ ቀባሁበት፤
ደግነቱ ቫርኒሽ የሸፈነውን ነው የሚያሳየው።

ዛሬ ማታ ያፌት የሒሳብ ደብተሩን ዘርግቶበታል፤
ሁለት ክርኑንም፣ እንደ ባለርስት፣ ጥሎበታል።
«እጅህን!» የሚል የለም።
ጎኑ ላይ ያለውን ነጭ ቁጥር አልፋቅሁም።

«ጨረስህ?» አልሁት ከጓዳ።
እርሳሱን እያኘከ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣
«ነገ፣ እማዬ» አለኝ።

ጠረጴዛውን አየሁት።
ገና አንድ እጅ ቫርኒሽ ይቀረዋል።